የእናቴን ቋንቋ የሚሰማ ውሻ

እናቴ ስትሞት ከቤቷ ይዤ የወጣሁት ውሻዋን ብቻ ነው። በጎቹን ዘመድ ተካፈላቸው፤ ማሳውና ቤቱ አብሯት ይኖር ለነበረው ለአጎቴ ልጅ ቀረ። የተገባ ነው፤ ያረሱላትም ያስታመሟትም እሱና ሚስቱ ናቸው። እኔ ሰቆጣ ከተማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ፣ ለበዓልና ለክረምት ዕረፍት ብቻ ብቅ የምል ሴት፣ በምን አፌ እጠይቃለሁ? ውሻውን ግን ጠየቅሁ። ዘመዶቼ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሐዘኑ ነው የሚያናግራት ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ ሰጡኝ።

ቡናማ ነው፤ ደረቱ ላይ ነጭ አለው። ስም የለውም። እናቴ ለላም እንጂ ለውሻ ስም አታወጣም ነበር። በኽምጣና፣ በእኛ በዋግ አገዎች ቋንቋ፣ «ውሻው» ትለዋለች፤ እሱም እንደ ስሙ ይሰማዋል።

እናቴ አማርኛ ይገባታል፤ ግን አትናገርም ነበር። አልችልም ብላ ይሁን አልፈልግም ብላ፣ ሳልጠይቃት ሞተች። ቀኑን ሙሉ የምታወራው ከውሻው ጋር ነው። ውጣ፣ ና፣ ተወው፣ ማን እንደ መጣ እይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዝናቡ እንደ ዘገየ፣ ወገቧን እንዳመማት፣ የጎረቤት በግ ጓሮዋ ገብቶ ጎመኗን እንደ ጨረሰባት፣ አንድም ሳይቀር ትነግረዋለች። ለበዓል ስሄድ የሁለቱን ወግ ለማቋረጥ የመጣሁ ይመስለኝ ነበር። ቅናት ቢጤ እንደ ነበረብኝ አሁን አልክድም።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀንስ ጓሮ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ውሻው መጥቶ አጠገቤ ተኛ። ሳላስበው በኽምጣና «የት ሄደች?» አልኩት። ብድግ ብሎ ጆሮውን አቁሞ የጓዳውን በር አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መሐል ጥያቄዬ የገባው እሱ ብቻ መሰለኝ። ስለዚህ ነው የወሰድኩት።

ሰቆጣ ያለው ቤቴ ውስጥ ኽምጣና የሚናገር ሰው የለም። ባለቤቴ ከጎንደር በኩል የመጣ አስተማሪ ነበር፤ ካረፈ ሰንብቷል። አንድ ልጄ አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ከአያቱ ቋንቋ የሚያውቀው ሰላምታና «ብላ» የሚለውን ብቻ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ሕፃን ሆኜ ለትምህርት ወደ ከተማ ስመጣ በአነጋገሬ ተስቆብኛል፤ ሳቁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የአማርኛ አስተማሪ ልጅ እንዲያ ሲሳቅበት አላይም ብዬ ቤቴን በአማርኛ ብቻ ዘጋሁት። ልጁ ጥሩ አማርኛ ይናገራል። አያቱ ስትሞት ግን ምን ብሎ እንደሚያለቅስላት እንኳ አላወቀም።

ውሻው ከመጣ በኋላ ጠዋት በሩን ስከፍት፣ ውሃ ሳስቀምጥለት፣ የተማሪ ደብተር ሳርም፣ በኽምጣና አወራዋለሁ። መጀመሪያ ላይ አፌ ይተሳሰር ነበር፤ ቃል አጥቼ በአማርኛ ልሞላው ስል እሱ ዞር ብሎ ይተኛል። በአማርኛ ብትለምኑትም አይሰማ። ትክክለኛው ቃል ሲመጣልኝ ግን ጆሮው ቀጥ ይላል፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያደርጋል፣ ልክ እናቴን ሲሰማት ያደርግ እንደነበረው። እንዲህ እያልን አንድ ዓመት ከምናምን ኖርን። በልጅነቴ የማውቃቸው፣ ጠፍተው የቀሩ የመሰሉኝ ቃላት አንድ በአንድ ተመለሱ። ከትምህርት ቤት ስወጣ እቸኩል ነበር፤ የሚጠብቀኝ ሰው ያለ ይመስል።

ከዚያ መርሳት ጀመረ።

መጀመሪያ ያየሁት ማዕዘን ውስጥ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሞ ነው። በሩ ከኋላው ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሱ ግን ግድግዳው ይከፈትልኛል ብሎ ይጠብቃል። ቀጥሎ የበላውን ይረሳ ጀመር፤ ሳህኑን ልሶ ሳይጨርስ መጥቶ አልበላሁም ይለኛል። በጠራራ ፀሐይ የውሃ ጀሪካን ፊት ቆሞ ይጮሃል። ያንን ሁሉ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። አሥራ ሦስት ዓመት ያልፈዋል፤ እናቴም በመጨረሻው ሰሞን ጨው ሁለት ጊዜ ታደርግ ነበር። አንድ ጠዋት ግን በኽምጣና «ና» ብዬ ስጠራው ቀና ብሎ አየኝ፤ በአማርኛ ሳናግረው የሚያየኝን አተያይ አየኝ። ከእናቴ ወዲህ በቋንቋዋ ስናገር የሚሰማኝ ፍጥረት እሱ ብቻ ነበር። እሱ ከረሳ ለማን እናገራለሁ?

ለልጄ ደወልኩ። ስለ ቋንቋው አልነገርኩትም፤ ውሻው መርሳት እንደ ጀመረ ብቻ ነው የነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም።

«እማዬ፣ በውጭ አገር ለሸመገሉ ውሾች የሚሰጥ ከዕፅዋት የተሠራ እንክብል አለ» አለኝ። «ለአእምሮአቸው ይረዳል ይላሉ። ግን ማገዣ ነው፤ መድኃኒት ነው ብለሽ እንዳትይዢው። የጠፋውን አይመልስም። ምናልባት ያዘገየው እንደሆን ነው።»

«ያዘግየው» አልኩት። «እኔ ሌላ ምን አልኩ?»

ከአንድ ወር በኋላ ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው እጅ አንድ ብልቃጥ ደረሰኝ። መነጽሬን አድርጌ ላዩ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። አንደኛ እርድ። ሁለተኛ የጥብስ ቅጠል። ሦስተኛ ከሩቅ ምሥራቅ አገር የሚመጣ የአንድ ዛፍ ቅጠል። ሦስተኛውን ባላውቀውም ሁለቱ ከጓዳዬ ጠፍተው የማያውቁ ናቸው። ውሻውን ሊያክሙት ነው ወይስ ሊጠብሱት ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። እንክብሉን በቅቤ ጠቅልዬ ጠዋት ጠዋት አጎርሰው ጀመር።

ረድቶት ነበር? እውነቱን ልናገርና አላውቅም። በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ ስጠራው ጆሮውን አቆመ። አንድ ቀን ደግሞ «ማን እንደ መጣ እይ» ስለው እስከ በሩ ሄደ፤ ማንም አልመጣም እንጂ ሥራውን ሠርቷል። ያቺን ቀን በደስታ ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ። አስተማሪ ነኝ፤ የወደዱት ተማሪ ሲወድቅ ግማሽ መልሱን ሙሉ አድርጎ የማረምን ነገር አውቀዋለሁ። እንደዚያ እያረምኩት ይሆናል።

ብልቃጡ አለቀ። ቀጣዩ የሚያመጣው ሰው አጥቶ ዘገየ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ብዙም አልታደልኩም። እርድ ሰቆጣ ጠፍቶ ነው? ብዬ ገበያ ወጣሁ።

የቅመም ነጋዴው ሐጂ አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ሱቅ ውስጥ የሸጡ ሽማግሌ ናቸው። የልጅ ልጆቻቸውን አስተምሬያለሁ። እርዱን እየመዘኑ «ለወጥ ነው?» አሉኝ።

«አይ ሐጂ፣ ለመድኃኒት ነው።»

«ለምን ሕመም?»

«ለመርሳት።»

እጃቸው ሚዛኑ ላይ ቆመ። «ለማን ነው መምህርት?»

ከኋላዬ አራት አምስት ሴቶች ተራ ይዘዋል። ሰው ለራሱ ልጅ መድኃኒት መግዣ ባጣበት ዓመት፣ ለውሻ መርሳት እርድ የምትገዛ አስተማሪ መሆኔን እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልናገር? አፌ ቀደመኝ።

«ለራሴ» አልኩ።

ሐጂ እርዱን ጠቀለሉልኝ፤ የጥብስ ቅጠሉን ጨመሩበት፤ በላዩ ደግሞ አንድ እፍኝ ጥቁር አዝሙድ ያለ ዋጋ አደረጉልኝ። «ጠዋት ጠዋት በማር ልሺው። አላህ ያሽርሽ» አሉኝ፤ ዓይናቸው በእውነት አዝኖልኛል። አመስግኜ ወጣሁ። የዋሸሁት ውሸት የት ድረስ እንደሚሄድ ያኔ አልታየኝም።

ሁለት ቀን አልፈጀም። የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ስብሰባው ስምንት ሰዓት መሆኑን ሦስት ጊዜ ነግሮኝ፣ አራተኛውን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ጎረቤቴ ቁልፌን የት እንዳስቀመጥኩ መጠየቅ አመጣች። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ገና ስገባ ባለፈው የደረስንበትን ገጽ በኅብረት ይነግሩኝ ጀመር። ደግ ልጆች ናቸው። እውነቱን ተናግሬ መገላገል እችል ነበር፤ ግን ቀን በገፋ ቁጥር እውነቱ ከውሸቱ የባሰ ያሳፍር ጀመር። ለአንዲት ቃል ስል ብዙ ከፈልኩ። ለነገሩ ተሳስተዋልም አልል፤ ሠላሳ ዓመት አንድ ቋንቋ ስረሳ የኖርኩ እኔ ነኝ፤ ያኔ ግን ማንም በወረቀት ጽፎ አልሰጠኝም።

ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም ቤቴ ቅቤ አይገባም፣ ሥጋ አይገባም፤ ይህ ለውሻ ሲባል ይለወጣል ብሎ ማሰብ አእምሮዬ ላይ አልመጣም። የእኛ አገር ውሾች ከእኛው ጋር ይጾማሉ፤ ፈቃዳቸውን የጠየቀ የለም እንጂ። እርዱንና ደቁሼ የነፋሁትን የጥብስ ቅጠል በሽሮ ፍትፍት አድርጌ አቀርብለት ጀመር። በጾም የእኔ ሽሮ ሽንኩርቱ አይሰሰትበትም፤ ቅቤ የሌለውን ወጥ ሌላ ምን ያጣፍጠዋል? ለእሱ ደግሞ ነጭ ሽንኩርቱን ለብቻ ፈጭቼ እጨምርለታለሁ። ነጭ ሽንኩርት ደም ያጠራል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። እሱም ግጥም አድርጎ ይበላል። የምግብ ፍላጎቱ ተመለሰ ብዬ ለልጄ ነገርኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ግን እግሩ ተያያዘ። ሦስት እርምጃ ሄዶ ይቀመጣል። ሽንቱ ጠቆረ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከበሩ ሥር ተዘርግቶ ሲያለከልክ አገኘሁት፤ ስጠራው በየትኛውም ቋንቋ ቀና አላለም።

የድሮ ተማሪዬ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ በየቀበሌው እየዞረች ከብት ትከትባለች። ላክሁባት። ከንፈሩን ገልጣ ድዱን አየች። ድዱ ነጭ ነበር፤ ያልተጻፈበት ወረቀት ነው የሚመስለው።

«ቲቸር፣ ምንድን ነው የሚያበሉት?»

«መድኃኒት።»

«ከምን ጋር?»

«ከሽሮ ጋር።»

«ሽንኩርት አለው?»

«ሽንኩርት የሌለው ሽሮ አለ እንዴ?» አልኳት ተቆጥቼ።

እጇን ከውሻው ላይ ሳታነሣ ቀና ብላ አየችኝ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ እንዲሁ፣ የውሻን ደም እንደሚያፈርስ ነገረችኝ። ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ፤ እኔ ፊደል ሳስቆጥራት በነበረኝ ትዕግሥት። ከዚያ «ማን ነግሮዎት ያውቁታል፤ ብዙ ሰው አያውቅም» አለች። ልታጽናናኝ ነው። እኔ ግን ሳህኑን አነሣሁና ጓሮ ወጥቼ ከግንቡ ጋር አላተምኩት። በአንድ እጄ እንዲያስታውሰኝ እያጎረስኩ በሌላው እጄ ደሙን ስጨርስ ከረምኩ። የእናቴን ውሻ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ጎረቤት ይስማ አይስማ ደንታ አልሰጠኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽሮው ቀረ። ልጅቷ እንዳዘዘችኝ ሥጋና ጉበት ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት ከገብስ ጋር እቀቅልለታለሁ። በጾም አጋማሽ ከአስተማሪዋ ቤት የሥጋ ሽታ ሲወጣ አስቡት። ሰፈሩ ጉዱ ፈላ። እስከዚያ ወሬው የቀጠሮ ሰዓት ትረሳለች ነበር፤ አሁን ጾሙን ረሳች ሆነ። በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባቴ መጡ። ተቀምጠው ስለ ዝናብ፣ ስለ አዝመራ ብዙ ካወሩ በኋላ «ልጄ፣ አሁን ያለነው በምን ወር ነው?» አሉኝ።

ገባኝ። «አባቴ፣ ጾም መሆኑን አውቃለሁ። ሥጋው ለውሻው ነው። እርዱም ለውሻው ነበር። የሚረሳው እሱ ነው» አልኳቸው፤ ከሐጂ ሱቅ ጀምሬ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ጢማቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሳቃቸውን ውጠው ነው። «ለታመመ ውሻ መቀቀል ጾም አያስፈታም» አሉ በመጨረሻ። «ሐጂን መዋሸትሽን ግን ሄደሽ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ።» ሄጄ ነገርኳቸው። ሐጂ ሳቁ፤ ጥቁር አዝሙዱን ግን መልሺ አላሉኝም።

ለፋሲካ ውሻው በእግሩ ቆመ። ድዱ ቀላ። ልጄም አዲስ ብልቃጥ ላከ፤ በተቀቀለ ጉበት ጠቅልዬ መስጠቴን ቀጠልኩ። ሰውነቱ ተመለሰ፤ እሱ ግን አልተመለሰም። በኽምጣና ሳናግረው ያየኛል፤ እንደ ማንኛዋም የምታበላው ሴት ያየኛል። ባለሙያዋ ልታየው ስትመጣ ጠየቅኋት።

«ቅጠሉ ሊያግዘው ይችላል፤ አይጎዳውም» አለች። «ያረጀ ውሻ ግን የሚይዘው የለመደው ነው። የለመደው ቦታ፣ የለመደው ሽታ፣ የለመደው ድምፅ። እዚህ ሁሉም ነገር አዲስ ነው ለእሱ።»

«ድምፁስ አለኝ» ልላት ብዬ ተውኩት።

ከዳግማዊ ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ ይዤው ሄድኩ። ወደ ጽጽቃ በሚወስደው መንገድ በአይሱዙ ወጣን፤ ሾፌሩ ለውሻ ቦታ የለም ሲል የሰው ሒሳብ ከፍዬ ጋቢና ውስጥ እግሬ ሥር አስተኛሁት። ከመኪናው መንገድ እስከ እናቴ ቤት የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው፤ ከእሱ ጋር ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ዳገቱ ላይ ሲቀመጥ እቀመጣለሁ፤ ቁልቁለቱ ላይ እሸከመዋለሁ። እየሄድኩ ደጁን ሲያይ ምን እንደሚሆን አስብ ነበር። ይሮጣል፤ ያለቅሳል፤ እኔም አብሬ አለቅሳለሁ።

ደጁን አልፎ ሄደ። አሥር ዓመት የጠበቀውን ደጅ ቀና ብሎም ሳያይ በመንገዱ ቀጠለ። ጠርቼ መለስኩት፤ ማለቴ በአንገቱ ገመድ ጎትቼ መለስኩት።

የአጎቴ ልጅ እርሻ ላይ ነበር። ሚስቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። «እንዴት ነዎት ቲቸር? ምነው በእግርዎ? ይግቡ፣ ይግቡ» አለችኝ በአማርኛ፣ ሮጣ የቤቱን አንድ ወንበር አምጥታ ጥላው ላይ አደረገችልኝ። ተቀመጥኩ። ውሻው አጠገቤ መሬት ላይ ተጋድሞ ያለከልካል። እሷ ዞር አለችና ጓሮ ላሉት ልጆቿ በኽምጣና ጮኸች፤ ውሃ አምጡ፣ በጎቹን ከገብሱ መልሱ፣ እንግዳ መጥቷል ነው ያለችው።

የውሻው ጆሮ ቀጥ አለ።

ተነሣ። እያነከሰ ግቢውን አቋርጦ ሄዶ እግሯ ሥር ቆመ፤ ቀና ብሎ አፏን ያያል፤ ቀጥዪ የሚላት ይመስላል። እሷም ሳታስበው ጎንበስ ብላ ጆሮው ሥር እያከከች «አንተ፣ ከየት መጣህ? አረጀህ እኮ» እያለች ታወራው ጀመር፤ በኽምጣና፣ ፈጠን ባለ፣ ጉሮሮ ውስጥ በሚሰበር አነጋገር፣ እናቴ እንደምታወራው። የእኔ እንዲያ አይደለም። የእኔ ቀጥ ያለ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ተሰልፎ የሚወጣ፣ የጽሕፈት ክፍለ ጊዜ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቀናሁ። በሴትዮዋ ሳይሆን በድምፅዋ ቀናሁ፤ እናቴን ከቀበርኳት ቀን ይልቅ ያን ሰዓት ናፈቅኋት።

ቀና ብላ እያየኋት መሆኔን ስታይ አፈረች። «ይቅርታ ቲቸር፤ ውሻ ሳይ እንዲህ ነኝ» አለችኝ፣ በአማርኛ።

እዚያ ሳለሁ ልብ አልኩ። ባልና ሚስቱ እርስ በርሳቸው በኽምጣና፣ ከልጆቹ ጋር በኽምጣና፣ ከበጎቹ ጋር በኽምጣና ይነጋገራሉ፤ ወደ እኔ ሲዞሩ አማርኛ ያወጣሉ፤ እንደዚያ ወንበር ለእንግዳ ያወጡታል። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር። አክብረውኝ ነው። እኔም ከተሜ ሆኜ፣ በአማርኛ ሲያናግሩኝ በአማርኛ መመለስ እነሱን ማክበር ይመስለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ተከባብረን ኖርን። ያላከበረኝ ውሻው ብቻ ነው፤ ስለዚህ የነበረኝ እሱ ብቻ መሰለኝ። ደፈር ብዬ በኽምጣና ስለ አዝመራው ጠየቅኋት። ፈገግ ብላ «ደህና ነው ቲቸር፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ፣ በአማርኛ። ሁለተኛ ለመድፈር አፌ አልታዘዘኝም።

በማግሥቱ ብቻዬን ተመለስኩ። ብልቃጡን ሰጠኋት፤ አንድ አንድ ጠዋት ጠዋት፣ ሽንኩርት የሌለበት ነገር ውስጥ ብዬ ሁለት ጊዜ አስጠናኋት። ውሻው ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ሳልፍ በኽምጣና «ደህና ሁን» አልኩት። ጅራቱን እንኳ አላነቃነቀም፤ እሷ ወደምትናገርበት ዞሮ ነበር። ትክክል ነው ያደረግሁት፤ ደግሜ ባደርገውም እንዲሁ ነበር የማደርገው። ግን ቁልቁለቱን ስወርድ እጄ ባዶ መሆኑ አንገበገበኝ።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ እደውል ነበር። ቤቴ ጸጥ ብሏል። ጠዋት በሩን ስከፍት አፌ ይጀምርና ይቆማል፤ ለጀሪካን አይነገር። በስልኩ የምንነጋገረው በአማርኛ ነው፤ አጭር ነው።

«ይበላል?»

«ይበላል ቲቸር።»

«እንክብሉስ?»

«እሰጠዋለሁ። ትናንት ከእኔ ጋር ማሳ ወርዶ ነበር።»

«ጎበዝ። በርቺ።»

ይኸው ነው። ሌላ የምጠይቃት ሞልቶኝ ነበር። እናቴ ታማ ሳለች ምን ትል ነበር? ስሜን ታነሣ ነበር? በአማርኛ ሊጠየቅ የማይችል ሆኖ አይደለም፤ በአማርኛ ሲመለስልኝ ግን የእናቴ ቃል እንደማይሆን አውቃለሁ። ስለዚህ ስለ እንክብሉ እጠይቃለሁ።

ሐምሌ ላይ፣ እሑድ ባልሆነ ቀን፣ እሷ ደወለች። ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫን አድርጌ ወደ ጓዳ ገባሁ።

«ቲቸር» አለችና ዝም አለች። «ቲቸር፣ ውሻው...» ድጋሚ ዝም። የምትፈልገውን አማርኛ ስትፈልግ ይሰማኛል። አላገኘችውም። ከዚያ ተወችውና በኽምጣና ነገረችኝ።

ጠዋት አረም ልታርም ስትወርድ ተከትሏት መጣ። ማሳው ዳር ተኛ። እያረመች ታወራው ነበር፤ ስለ ልጇ ሳል፣ ስለ ዘሩ። በመሐል ተነሥ፣ ዝናብ መጣ ብትለው አልተነሣም። ስትጠጋው ዓይኑ ወደ እሷ ነው። ባሏ ጉድጓድ ቆፈረለት፤ ልጆቹ ድንጋይ ከመሩበት። ፈጥና ነው የምትናገረው፣ እያለቀሰች፤ አንድ ቃል አላመለጠኝም። ሁሉም ገባኝ። ጓዳው ውስጥ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

ልጠይቃት የፈለግሁት ተሠቃይቶ እንደሆነ ነው። በኽምጣና ጀመርኩት። ግማሽ ላይ ቃሉ ጠፋኝ። አማርኛው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ሕመም ነበረበት ወይ፣ ከበደው ወይ፣ ረጅም ጊዜ ፈጀበት ወይ እያልኩ ዙሪያውን ዞርኩ። ቸኩላ በአማርኛ አልመለሰችልኝም። ጠበቀችኝ። ከዚያ የጎደለኝን ቃል ሰጠችኝ።

ደገምኩት።

«አይ፣ እንዲህ ነው» አለችና ቃሉን እንደገና፣ ቀስ ብላ አለችልኝ፤ ቲቸር የምትለውንም ተወችው።

ደገምኩት።